የበቀቀኗ ጾም

የእንስሳት ሐኪሙ በጨርቅ የተጠቀለለችውን በቀቀን ዳሰሰና «በሁለት ወር ስንት እንቁላል ጣለች?» አለ።

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለ ሰውየው በኩራት።

«ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከገዛ አጥንቷ እየቀዳች ነው፤ ትሞትብዎታለች። አይብ ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት አይሰጧትም?»

«በዐቢይ ጾም? በእኔ ቤት ወፏም ትጾማለች። የነነዌ ከብቶች ጾመው የለም እንዴ?»

«እነሱ የጾሙት ሦስት ቀን ነው፣ ጋሼ፤ እንቁላልም አልጣሉም።»

የሰውየው ፊት በኀፍረት ጋለ። ጽድቅ ብሎ የያዘው ሥርዐት፣ ወፏን በሐኪሙ መዳፍ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ ባያት ጊዜ፣ ጭካኔ ሆኖ ታየው። «ከዛሬ ጀምሮ ትገድፋለች» አለ።

ከበሩ አጠገብ የቆመችው ሚስቱ፣ ያዘለችውን የአራት ወር ሕፃን አስተካክላ፣ «ዶክተር፣ የምታጠባ ሴትስ?» አለች።