የሁለት ብዜት

የአንድ ብዜት እስከ አሥር ተደርድሮ ወጣና ስክሪኑ ጭጭ አለ። የቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር ጠበቀ። ሁለት ሲባዛ በአንድ የሚለው መስመር የለም። የፈተናውን ፕሮግራም እንደገና አስነሣው፤ ያው ነው።

ከኋላው የሴት ልጁ ኮቴ ይሰማዋል። አሠልጣኙ እሷ ናት፤ የዛሬዋም ፈታኝ። ዐይኑ ደክሞ የአውቶቡስ መሪ የተነጠቀ ጊዜ፣ «ግድ የለም፣ አባዬ ይማራል» ብላ የኮምፒውተር ማሠልጠኛውን ኃላፊ የለመነችለትም እሷው ናት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ያልተባለ የለም። ማታ ማታ መልሱን ታስጠናዋለች ተብሏል። ኃላፊው ሐሜቱን ሰምቶ ኖሮ፣ ዛሬ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ከወደቀ ከሥልጠናው ይሰናበታል፤ የልጁም ቃል አብሮት ይወድቃል።

«መምህርት፣» አለ ሳያስበው። ቤት ውስጥ ሚጣዬ ነው የሚላት።

«ጥያቄ አይፈቀድም።»

ይህን ብላ ማለፍ ሲገባት ቆመች። ለደከመ ዐይኑ ብሎ ስክሪኑ ላይ ጡጫ ያህል ያተለቃቸውን ፊደላት ታያለች። እጇ ከጎኗ ሲነሣ በስክሪኑ ላይ ጥላውን አየው። በሩ ላይ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሂጂ፣» አላት በሹክሹክታ። «ሂጂ፣ ሌሎቹን እዪ።»

ሄደች። ሾፌሩ ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ኮዱን ከላይ ጀምሮ በጣቱ ይከተል ጀመር። አንዱ ሉፕ፣ ያንኑ ትእዛዝ እየደጋገመ የሚቆጥረው ዙር፣ ሌላውን አቅፎታል። የውጪው አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር፣ የውስጡ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር አለበት። አንድ በአንድ፣ አንድ በሁለት እያለ አሥር ደረሰ። የውጪው ሁለት አለ። የውስጡስ?

ጣቱ ቀጥ አለ። የውስጡ አሥርን አልፎ እንደተገተረ ነው። ወደ አንድ ማን መለሰው?

ቆጣሪውን አንድ የምታደርገውን መስመር ከላይ አንሥቶ በውጪው ሉፕ ሆድ ውስጥ ከተታት። ሲያስነሣው የሁለት ብዜት ወጣ። የሦስቱም፣ የአራቱም እየተንደረደረ እስከ መቶ ወረደ።

«ይበቃል፣ ማንም ኪቦርድ እንዳይነካ!» ኃላፊው በቀጥታ ወደ እሱ መጣ። «የእርስዎን የማርመው እኔ ነኝ።» ጎንበስ ብሎ ያችኑ መስመር ከሉፑ አወጣና ላይ አስቀመጣት። «አሁን ባስነሣው ምን ይሆናል?»

«የአንድን ብዜት ያወጣና ዝም ይላል።»

«ለምን?»

«የውስጡ ቆጣሪ አንዴ አሥርን አልፎ ቆሟላ። ለሁለት ሲሆን እንደገና ከአንድ ጀምር ያለው የለም።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? ከዚህ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የዋልነው፣» አለ ሾፌሩ በአገጩ ስክሪኑን እያሳየ።

ኃላፊው ትንሽ አየውና፣ «አልፈዋል» ብሎ ወደሚቀጥለው ወንበር ተሻገረ።

ሾፌሩ ዞሮ ልጁን ፈለጋት። ሸክሙን እንዳራገፈ ሰው ከክፍሉ ጥግ ባዶ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ ዐይኗን ጨፍናለች።