የበቀቀኖቹ ተረካቢ

ጥንድ በቀቀን ከመግዛታችሁ በፊት... ማን እንደሚቀብራችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ወፍ አርቢው አሮጊቷን የጠየቃት ይህንኑ ነው። ለዘብ አድርጎ ቢሆንም።

«እማማ፣ እነዚህን ሁለቱን ለምን ፈለጓቸው?»

«ላራባቸው ነዋ! ላስተምራቸው መሰለህ?»

«እህትና ወንድም ናቸው እኮ። አይሆኑም።»

«ላባ ለላባ ሲበጣጠሩ እያየሁ?»

«አብረው አድገው ነው። ልማድና ፍቅር ለየቅል ነው።»

ከሌላ ቤት የመጣች፣ በላቦራቶሪ የላባ ምርመራ ሴትነቷ የተረጋገጠ በቀቀን አሳያት። ጥያቄውንም ቀጠለ።

እንቁላል የሚጥሉበት ሳጥን ጸጥ ያለ ጥግ ያገኛል? ጎረቤት ጩኸት ይችላል? እናትየው ጫጩቶቿን ብትተዋቸው በእጅ የሚያበላቸው ሰው ቤት ይውላል?

«ሌላ የት ልውል!» አለች። ዓይኗ ክር በመርፌ ማስገባት ካቃተው ወዲህ ስፌቱንም ትታለች።

«የመጨረሻው ደግሞ... እነዚህ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ምናልባት እርስዎ አንድ ቀን...»

«ስሞት በለው፤ አትፍራ።»

«ያኔ የሚቀበላቸው ተረካቢ ራሱ መጥቶ በእጁ ካላበላቸው አልሸጥም። ደንቤ ነው።»

ሌላ ገዢ ይህን ሲሰማ ይቆጣል። የእሷ ፊት ግን በራ።

«ወንድ ልጅ አለኝ» አለች።

ልጇ እዚያው ከተማ ውስጥ ትልቅ ኃላፊ ነው። ድምፁን በስልክ ትሰማለች። ፊቱ ግን... ሸብቶ ይሆን? ከስቶ ይሆን? አታውቅም።

ደውላ የአርቢውን ደንብ ነገረችው። «አንድ ጊዜ ብቻ ና» አለችው።

«እማ፣ በዚህ ዕድሜሽ ወፍ? ሰው ይስቃል እኮ!»

«ይሳቅ። አንተ ብቻ ና።»

«እሺ በቃ... ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ቀሚሷን ተኩሳ በማለዳ ወደ አርቢው ቤት ሄደች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች... የወፍ ጥሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ይሆናል... መልሳ ትቀመጣለች።

በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ገባ።

«እማዬ!» ብሎ አቀፋት። ፍሬ ዘርግቶ በቀቀኖቹን አበላ። ሁለቱም ከእጁ በሉ።

«ወደዱት!» አለ አርቢው ደስ ብሎት። «ልጅዎን ወደዱት! ይውሰዷቸው።»

አሮጊቷ ጎልማሳውን ትክ ብላ አየችው።

«አንተ ማነህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«የልጅዎ ሾፌር ነኝ... "ልጇ ነኝ በልና ጨርስላት" ብሎኝ ነው። ሥራዬ ሆኖብኝ ነው እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

አርቢው የወፎቹን ሽቦ ቤት ወደ እሷ አስጠጋ። «ደንቡ ለእርስዎ ይቅር እማማ። ወፎቹን ይውሰዱ።»

«ወፎቹን ምን ላድርጋቸው?» አለች። «ጩኸት አልወድም። መጀመሪያም የመጣሁት ደንብህን ከሰው ሰምቼ ነው። ታመምኩ ስለው ሐኪም ላከ። ጣሪያው አፈሰሰ ስለው ሠራተኛ ላከ። ሰው ተልኮ የማይሆን ነገር ይህ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ባዶ እጇን ወጣች።

እናታችሁ «አምፖሉ ተቃጠለ» ብላ ስትደውል የጨለመባት ቤቱ አይደለም። ሰው አትላኩ። ሂዱ።

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ይቅር ትሉ ነበር? እስቲ ከልባችሁ ጻፉልን።

ልጇ ወሬው ደርሶት ማታውኑ ደውሎ ነበር። «ይቅር በይኝ እማ» አላት።

«አንተንም፣ የላክኸውንም... ማንንም ይቅር አልልም።»