የጋሼ ገረመው አውራ ጣት

የሐሰት ወሬ አገር ምድሩን ካመሰ ወዲህ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው የለጣፊው ስልክ ስክሪን ላይ ጣቱን ካላሳረፈ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ምንም ነገር አይለጠፍም። የእትዬ ዘርፌ ምስክር ባለቤታቸው ጋሼ ገረመው ነበሩ። እትዬ ወጥ አሠራራቸውን ቀርጸው ሲጨርሱ፣ ባልየው ቀምሰው፣ ወጥ በነካው አውራ ጣታቸው የስልኩን ጥግ ይጫኑላቸው ነበር።

ጋሼ ገረመው ሞቱ። ለቀስተኛውም ተበተነ። በአካል የማያውቋቸው የእትዬ ዘርፌ ተከታዮች ግን "እማማ፣ ምነው ጠፉ? ጋሼስ ደህና ናቸው?" እያሉ ይጠይቃሉ። እትዬ ዘርፌ ያቺን ጥግ ሳይነኩ "ጋሼ አርፈዋል" ብለው ከጻፉ ሰነበቱ። ስልኩ አሁንም ምስክር ይጠብቃል።

ዛሬ፣ ቀብሩ ላይ የነበረችውን ጎረቤታቸውን ራድያን ጠሩ።

"ውይ እትዬ! እኔ እዚሁ አጠገብዎ እያለሁ ምነው እስካሁን ዝም አሉ?"

"እንዲያው... ላስቸግርሽ አልፈለግሁም።"

ራድያ ስልኩን ተቀበለች። ጥጉ ላይ የደረቀ የወጥ ቅባት አየችና በሻርፗ ጫፍ ጥርግ አድርጋ ጣቷን አሳረፈች።

"ይኸው፣ ሄደልዎ።"

ወዲያው "ነፍስ ይማር"፣ "እግዜር ያጥናዎት" ይጎርፍ ጀመር። እትዬ ዘርፌ አንዱንም አላነበቡም። ስልኩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርገው ጥጉን ፈለጉ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።