በአጥራችን ላይ ያደረው ሰማያዊ ክብ

“ሻንጣውን አውጡለት! ዛሬውኑ ከሰፈራችን ይውጣ!”

ዓርብ ጠዋት ነው... አርባ የምንሆን ጎረቤቶች አንዲት ጠባብ በር ላይ ተኮልኩለናል።

በሩ ላይ የቆመው ከተከራየ ሁለት ወር ያልሞላው የሥዕል መምህር ነው።

“ኧረ ምን አድርጌ ነው?” ይላል ግራ ገብቶት።

“እጁን እዩት!” አለች ልብስ ሰፊዋ።

አየነው... ጣቶቹ ሰማያዊ ቀለም ነክቷቸዋል።

በቃ! ማስረጃ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ሰኞ ጠዋት ስንነሳ በመንገዳችን አሥራ አንድ አጥሮች ላይ ሰማያዊ ክብ ተቀብቶ አገኘን። ማን እንደቀባው የሚያውቅ የለም።

ውሃ ከጠፋብን ሦስት ሳምንት ሆኖናል። ጀሪካን ስንሸከም ወገባችን ተቆርጦ፣ ሁላችንም በትንሽ ነገር የምንቆጣበት ሰሞን ነበር።

ማክሰኞ ወሬ መጣ... “ክብ ያለበት ቤት ሁሉ ሊፈርስ ነው!”

ረቡዕ... “ውሃውንም የቆረጡት ሆን ብለው ነው፤ ተማረን ራሳችን እንድንለቅ!”

ሐሙስ... “ሰላያቸው እዚሁ መሀላችን ተከራይቷል። ደብተር ይዞ ቤቶቻችንን ይስላል!”

መምህሩ በእርግጥም ቤት ይስል ነበር። ሥራው ነዋ!

“እኔ የማንም ሰላይ አይደለሁም” አለ።

“የትኛው ሰላይ ነው ‘አዎ ነኝ’ የሚለው?” አለ ሬዲዮ ብለን የምንጠራው ጎረቤታችን።

እንግዲህ ለዚህ ምን ይመለሳል? ቢያምን ሰላይ ነው፤ ቢክድም ሰላይ ነው።

ሬዲዮ ሻንጣውን ጎትቶ መንገድ ላይ ጣለው። የመምህሩ ሸሚዞች አቧራ ላይ ተበተኑ...

ይሄኔ ባለቤቴ ደረሰ።

የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰኞ በሌሊት ከከተማ ውጪ ላለ ሥራ ሄዶ መመለሱ ነበር። ትከሻው ላይ የመሣሪያ ቦርሳ፣ በእጁ ረጅም የብረት ዘንግ ይዟል። የተሰበሰብንበትን ምክንያት ሲነግሩት ሻንጣውን አየ፤ መምህሩን አየ።

“ክቦቹን የቀባሁት እኔ ነኝ” አለ።

“እሱንም ገዝተውታል!” አለ ሬዲዮ።

“እውነት ነው እኮ! የሱ አጥር ላይ ምልክት የለም!” አለች ልብስ ሰፊዋ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ ግን ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው።

“እህቴ፣ ነይ እስቲ” አላት።

የዘንጉን አንድ ጫፍ ክብ ካለበት አጥሯ ሥር ሰካው።

“ጆሮሽን ላይኛው ጫፍ ላይ አድርጊ። ምን ይሰማሻል?”

“ሽሽሽ... ይላል። ውይ! ውሃ ነው እንዴ?”

“ሦስት ሳምንት የጠበቅሽው ውሃ ነዋ! መስመሩ አርጅቶ አሥራ አንድ ቦታ ተበስቷል። ቤትሽ ሳይደርስ እዚሁ መሬት ይጠጣዋል። እሁድ ለሰኞ ሌሊት፣ ከመሄዴ በፊት፣ መኪና ሳይኖር እየዞርኩ አዳመጥኩ፤ ድምፅ በሰማሁበት ሁሉ ክብ አደረግኩ። የኔን ቧንቧ አምና ነው ራሴ የቀየርኩት።”

“እኔ ደግሞ ሰማይ እየቀባሁ ነበር” አለ መምህሩ፣ ጣቶቹን እያየ።

ሰው ሁሉ ተራ ይዞ ያዳምጥ ጀመር። ሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተሰለፈ።

ከዚያ አፍረን አንድ ሁለት እያልን መበተን ስንጀምር...

“ወዴት ነው?” አለ ባለቤቴ። “እኔ ብቻዬን ውሃ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ ‘ነገ ና’ ተብያለሁ። አርባ ሰውን ‘ነገ ኑ’ ማለት ግን ይከብዳል። አንድ መምህር ለማባረር እንዲህ ከተሰበሰባችሁ፣ ቧንቧ ለማስቀየር ያቅታችኋል?”

ሬዲዮ ሸሚዞቹን አራግፎ፣ አጣጥፎ፣ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ አስገባለት። መምህሩም የመንገዱን ካርታ ከነአሥራ አንዱ ክብ ሳለልን። ያንን ይዘን ሄድን።

ኃላፊው በመስኮት ሲያየን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ ደግሞ አየን።

በሁለት ሳምንት አዲስ መስመር ተዘረጋ!

ግን አንድ ነገር ቀርቷል... ወሬውን ማን ጀመረው?

እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ክቦቹን አይቼ ለልብስ ሰፊዋ “ሊያፈርሱ ነው መሰለኝ” አልኳት። “መሰለኝ” የምትለዋ መንገድ ላይ ቀረች። ማክሰኞ ወሬው በሦስት ሰው አፍ ዞሮ ሲደርሰኝ... ራሴው አመንኩት! “ይኸው፣ ሰው ሁሉ እያለ አይደል?” ብዬ።

ውሃ መሥሪያ ቤት በሄድንበት ዕለት አመሻሽ ላይ ለባለቤቴ ነገርኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ። “ልብስ ሰፊዋ ስንሄድ መንገድ ላይ ነግራኛለች።”

“ታዲያ ለምን በሰው ፊት ዝም አልክ?”

“እኔም እኮ አጥፍቻለሁ። ቆፍሬ ሳላረጋግጥ አላወራም ብዬ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። አንቺ ደግሞ ሳታረጋግጪ አወራሽ። እኩል ነን።” ትከሻው ተነቀነቀ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ከአራት ወር በፊት ሲያርፍም ምስጢሬን ይዞልኝ ሄደ። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር እንድታውቁልኝ ብዬ ዛሬ ራሴ አወጣሁት።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ አጥሯን አዲስ ቀለም አስቀባች። ክቡን ግን አላስነካችም። ዛሬ ጠጉሩ የሸበተው መምህር ብሩሹን ይዞ መጥቶ፣ የደበዘዘውን ሰማያዊ አደሰው።

ወዳጆቼ... ውሃው መጥፋቱ እውነት ነበር። ንዴታችንም እውነት ነበር። አብረን መውጣታችንም ጥሩ ነበር። የተሳሳትነው የምናንኳኳውን በር ነው። ከመሰብሰባችን በፊት አንዳችን እንኳ “በምን አወቅህ?” ብለን ብንጠይቅ፣ የዚያ ሰው ሸሚዝ አቧራ ላይ ባልወደቀ።

እናንተስ... “መሰለኝ” ብላችሁ ያወራችሁት ነገር “እርግጥ ነው” ሆኖ ተመልሶ ደርሷችሁ ያውቃል? እኔ ተናዝዣለሁ፤ ተራው የእናንተ ነው።