የሬሕማ ወባ

ሬሕማ የአብሹን አጥሚት ለአራሷ ልታቀብል ጎንበስ እንዳለች ሕፃኑ ልቅሶውን ለቀቀው። ቡሪ ሰፈር ባለው በዚያ ሰፊ ቤት የእመቤቲቱ የሐጃ ልጅ ከወለደች ሠላሳ ቀኗ ነበር፤ እግሯን ሒና ተቀብታ፣ ትራስ ተደግፋ፣ ውሃ እንኳ በእጇ አትቀዳም። ሠራተኛዋ ሬሕማ ደግሞ "ወባ ጣለኝ" ብላ ሳምንት ከቀረች በኋላ መመለሷ ገና በዚያው ጠዋት ነው። ሥራዬን ሌላ ይይዝብኛል ብላ ፈርታ፣ ወገቧን በመቀነት ጥፍንግ አድርጋ፣ ገላዋን ሁሉ የሚጠቀልለውን ሰፊ ቶቧን ተከናንባ መጣች።

ልቅሶው ሲበረታ የሬሕማ ጡት አላስችል አለው። በሰማያዊው ቶብ ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ወጡና እየሰፉ ሄዱ። በትሪው ልትሸፍናቸው ስትል ሐጃ አየች። መቁጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ።

"ወባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ወተት የሚያመጣው?" አለች። "መቼ ወለድሽ?"

"ዛሬ ስምንት ቀኔ ነው፣ ሐጃ። ወላሂ፣ ሥራ አላጓድልም።"

ሐጃ ሬሕማን ጎትታ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻት፤ የአጥሚቱን ማንኪያም አስጨበጠቻት።

"ዩማ፣ የኔ እኮ ነው!" አለች አራሷ እናቷን።

"አንቺ ወር ሙሉ ጠጥተሻል፣ ዝም በይ!" ወደ ሬሕማ ዞረች። "ልጅሽስ?"

"ዴም፣ እኛ ሰፈር፣ ጎረቤት ጋ።"

ሐጃ ጫማዋን ግራና ቀኙን አዘዋውራ አጠለቀች። ሬሕማ መንገድ ልታሳያት ብድግ ስትል፣ በጣቷ ወደ አልጋው መለሰቻት።

"ቁጭ በይ! የጎረቤትሽን ስም ንገሪኝና ጠጪ።"