የትንግርት ፍርሃት

ፍርሃትን ለሌላ ሰው ማሸከም ከተቻለ ወዲህ፣ ትንግርት በፈጣኑ ወንዝ ላይ ታንኳ በቀዘፈች ቁጥር ፍርሃቷን የሚሸከሙላት እናቷ ወይዘሮ አስካለ ነበሩ። ዛሬም ከማለዳ ጀምሮ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የሚለቅሙት ምስር ወለሉ ላይ ተበትኗል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምሳችንን ዶሮ ሊበላው ነው እኮ!» አሉ ባለቤታቸው አቶ መርዕድ።

«ታዲያ ልጅህ እንዲህ እየተንቀጠቀጠች ትቅዘፍልህ?»

ይህን እንዳሉ እጃቸው ቀጥ አለ። ወይዘሮ አስካለ ክው አሉ። ፍርሃቱ በድንገት የሚለቃቸው ልጅቱ መልሳ ከወሰደችው ነው፤ አለዚያም ከሞተች። ትንግርት ደግሞ እስከ ዛሬ ወንዝ ላይ ሳለች መልሳ ወስዳው አታውቅም።

ስልኩ ጠራ።

«እማዬ፣ ወስጄዋለሁ» አለች ትንግርት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ፏፏቴው አፋፍ ላይ ስደርስ ምንም አልመሰለኝም፤ ዝም ብዬ ልገባበት ነበር። ይሄስ ጤና አይደለም ብዬ መልሼ ወሰድኩት። ከዚያማ አቀዛዘፌን ብታዪ! ዳር ወጥቼ፣ ታንኳዬን ተሸክሜ በእግሬ ወረድኩ።»

«እሰይ፣ የኔ ፈሪ!» አሉ እናቷ፣ እንባቸው እየወረደ።

አቶ መርዕድ ጎንበስ ብለው ምስሩን መልቀም ጀመሩ። የእሳቸውም እጅ፣ ማንም ፍርሃት ሳያሸክማቸው፣ ይንቀጠቀጥ ነበር።