ካቡ የታጠፈበት ቦታ

ልጄ ሃያ ሰው አስከትሎ ከፊት ይሄዳል... እኔ ከኋላ ነኝ።

አላወቀኝም።

እያካፋ ነበር። ትኬት ቆራጯ ጎብኚ መስያት እንደ ሌሎቹ ቢጫ የዝናብ ልብስ ሰጠችኝ። ቆቡን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት።

የመጣሁት ግን ለጉብኝት አልነበረም...

ልጄን ወደ እርሻው ልመልሰው ነው። ጉልበቴ ደክሟል። ለእናቱም "ይዤው እመጣለሁ" ብያት ነው የወጣሁት።

ከተማዋ ተራራ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ከተማ ናት። ልጄ የሰዓቱን ማማ አሳየን። የድንጋዩን ድልድይ አሳየን። መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ የትኛው ጎርፍ እንደነካው... ሁሉንም ያውቃል።

ከእኛ ጋር ቤት ሳለ ከሦስት ቃል በላይ አይወጣውም ነበር። የማን ልጅ ነው...

አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ "አባባ፣ የልጁ ጨዋታ ይጣፍጣል አይደል?" አለችኝ።

ቆቡን ይበልጥ ወደ ታች ሳብኩት።

መጨረሻ ላይ ማዶውን ከሚያሳየው ሰገነት ደረስን። ዝናቡ አባራ፣ ጉሙም ገለል አለ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ብረት ላይ ተተክሏል።

ልጄ ወደ ማዶው ተራራ ጠቆመ።

"ያንን ረጅም የድንጋይ ካብ አያችሁት? አንድ ገበሬ ብቻውን የካበው ነው... አባቴ ናቸው።"

ካቡን በዓይኔ ፈለግኩት።

ሴትዮዋ በመነጽሩ አይታ ጠየቀችው። "ታዲያ መሃል ላይ ለምን ታጠፈ? ባዶ ቦታ ነው እኮ።"

ልጄ ፈገግ አለ።

"እሱን ብቻ አላውቅም። አባቴ አይናገሩም፣ እኛም አንጠይቅም። የዚያን ቀን ከእናቴ ጋር ተኳርፈው ይሆናል።"

ሁሉም ሳቁ።

መልሱን የሚያውቀው ሰው ቢጫ ልብስ ለብሶ ከኋላ ቆሟል...

ቆቡን ገለጥኩት።

"ዛፍ ነበረበት" አልኩ።

ልጄ ዞረ። "አባዬ?"

"ብቻዬንም አልካብኩትም። እናትህ ድንጋይ ታቀብለኝ ነበር። አንተን ከዛፉ ሥር እናስተኛሃለን... ፀሐይ ሲነካህ ታለቅሳለህ። ዛፉን ቆርጬ በቀጥታ ማለፍ እችል ነበር። ዞርኩ።"

"ዛፉስ?"

"ነፍስ ሳታውቅ ደረቀ። ካቡ ግን እንደታጠፈ ቀረ።"

አሁን ማንም አልሳቀም።

ልጄ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱን በእጅጌው ጠረገ... ዝናቡ ካቆመ ግን ቆይቷል።

ሰዉ ሲበተን "አባዬ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አለኝ።

"ልወስድህ ነው" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ካቡን ትቶት የሄደ ይመስለኝ ነበር... ለካ በየቀኑ ለሰው ሲያሳየው ነው የኖረው።

"ለጉብኝት" አልኩት።

ወደ ቤት ብቻዬን ተመለስኩ። እናቱ አይታኝ ምንም አልጠየቀችም። እኔ ግን በዚያች ዕለት በዓመት ከማወራው በላይ አወራኋት።

እርሻውን ማን እንደሚረከበኝ ዛሬም አላውቅም።

አንድ ነገር ግን አውቄያለሁ። እኛ ወላጆች ዝም ያልነውን፣ ልጆቻችን በራሳቸው ግምት ይሞሉታል። አንዳንዱ ግምት ያስቃል... አንዳንዱ ግን ዕድሜ ልክ ያስቀይማል።

እናንተስ... ወላጆቻችሁ ያልነገሯችሁ፣ እናንተም ያልጠየቃችሁት አንድ "ለምን" የለም?

እዚህ ጻፉልን። መጀመሪያ ግን ደውላችሁ ጠይቋቸው።